ሞተሩን መግዛት ይቻላል፤ ኤከርትን ግን?

ከቦሌ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 በሁለት ትሬንት ኤክስ ደብሊው ቢ ሞተሮች ይገፋል። መንገደኛው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲተኛ፣ ከመስኮቱ ውጭ ባለው ሞተር ሆድ ውስጥ ለማመን የሚከብድ ነገር እየተካሄደ ነው። ነዳጁ ከሚነድበት ክፍል ቀጥሎ ትንንሽ የብረት ክንፎች በክብ ተደርድረዋል። የአውሮፕላን ጥገና ሰዎች ብሌድ ይሏቸዋል። በዘመናዊ ጄት ሞተር ውስጥ በእነዚህ ብሌዶች ላይ የሚነፍሰው ጋዝ ከ1,600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ብሌዶቹ የተሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ግን 1,350 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀልጦ ያልቃል።

በዚያ ላይ ብሌዶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ በደቂቃ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራሉ። እንዴት አይቀልጡም?

መልሱ ቀላል ይመስላል። ሞተሩ ከፊት የሚያስገባውን አየር በኮምፕረሰር ይጨምቀዋል። ከተጨመቀው አየር ከፊሉ ወደ እሳቱ ሳይገባ በጎን ይወሰድና በብሌዶቹ ሆድ ውስጥ በተሠሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ያልፋል። ይህ አየር ራሱ ከ600 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ከ1,600ው አጠገብ ግን እንደ በረዶ ይቆጠራል። ከውስጥ ብረቱን ካቀዘቀዘ በኋላ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወጣና በብሌዱ ገላ ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ይዘረጋል። እሳቱ መጋረጃውን ይነካል እንጂ ብረቱን በቀጥታ አያገኘውም። ሙያተኞቹ ፊልም ኩሊንግ ይሉታል።

ቀላል የሚመስለው እስኪሞከር ድረስ ነው። አየሩ በዛ ከተባለ ሞተሩ ኃይል ያጣል፤ ምክንያቱም ለማቀዝቀዣ የተወሰደው አየር የተጨመቀው በነዳጅ ነው። አነሰ ከተባለ ብረቱ ይበላል። በሙያው ውስጥ የታወቀ ግምት አለ፦ የብሌዱ ሙቀት ከተሰላው በ30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቢበልጥ የብሌዱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ከ1,600 ዲግሪ ውስጥ 30 ዲግሪ! ይህን ልዩነት በትክክል ማወቅ የቻለ አገር ሞተር ይሠራል፤ ያልቻለ ይገዛል።

ይህን ዕውቀት አንድ ሰው አልፈጠረውም። ነገር ግን ሕይወቱን በሙሉ ለዚህ ጉዳይ የሰጠ ሰው ይጠራ ከተባለ፣ ኧርንስት ኤከርት ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይመደባሉ። የእሳቸው ታሪክ ስለ ሞተር ብቻ አይደለም የሚያወራው። ዕውቀት እንዴት አገር እንደሚለውጥ፣ አንዳንዱ አገር ለምን ይዞት እንደሚቀርና ሌላው ለምን ከእጁ እንደሚያመልጠው ያሳያል።

ኤከርት በ1904 በፕራግ ተወለዱ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያው ከተማ በነበረው የጀርመንኛ ቴክኒክ ተቋም ምሕንድስና ተምረው በ1931 ዶክትሬታቸውን አገኙ። ቀጥሎ ወደ ዳንዚግ ሄደው ኧርንስት ሽሚት ከተባለው፣ በሙቀት ዝውውር ጥናት ስመ ጥር ከነበረው ፕሮፌሰር ጋር ሠሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሽሚት ብራውንሽቫይግ አጠገብ ለተቋቋመ የአቪዬሽን ምርምር ማዕከል የሞተር ክፍሉን እንዲመራ ሲሾም ኤከርትም እዚያ ገቡ።

የማዕከሉን ስም ሳይጠሩ ማለፍ አይገባም። በሄርማን ጎሪንግ፣ በሂትለር አየር ኃይል አዛዥ ስም የተሰየመ ነበር። በፎልከንሮደ ጫካ ውስጥ ከአየር እንዳይታይ በዛፍ ተሸፍኖ የተሠራ፣ ገንዘብ የማይቸግረው ተቋም ነው። ኤከርት በጄት ሞተር ላይ የሠሩት እዚህ ነው፤ የሚሠሩለትም መንግሥት ናዚ ነበር።

የጀርመን ጄት ሞተር ችግር ደግሞ ለሙቀት ተመራማሪ የተመቸ ችግር ነበር። እንግሊዞች ኒኬል ስለነበራቸው እሳት የሚችል ብረት ወደ መቀመም አመሩ። ጀርመን ግን በጦርነቱ ምክንያት ኒኬልና ኮባልት አጥሯታል። ሜሰርሽሚት 262 የተባለውን ተዋጊ ጄት የሚገፋው ዩሞ 004 ሞተር የተሠራው በአብዛኛው ከተራ ብረት ነው። መሐንዲሶቹ የነበራቸው አማራጭ ብሌዱን ባዶ ሆድ አድርጎ አየር ማሳለፍ ሆነ። ያም ሆኖ ሞተሩ ከ10 እስከ 25 ሰዓት ከሠራ በኋላ መፈታት ነበረበት። ዛሬ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር ከክንፉ ሳይወርድ ብዙ ሺህ ሰዓት ይበራል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የኤከርትና የባልደረቦቻቸው የሥራ ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1945 ጀርመን ስትወድቅ አሸናፊዎቹ ፋብሪካ፣ ሰነድና ሰው ለመሰብሰብ ተሽቀዳደሙ። አሜሪካ በኋላ ኦፕሬሽን ፔፐርክሊፕ በተባለው ዘመቻ ከ1,600 በላይ የጀርመን ሳይንቲስቶችና ቴክኒሻኖችን ወሰደች። ኤከርት ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ኦሃዮ ውስጥ በሚገኘው የራይት ፊልድ አየር ኃይል ማዕከል ሥራ ጀመሩ።

ስለ ፔፐርክሊፕ ሲወራ ሁለት ዓይነት ወሬ ይበዛል። አንዱ ወገን ሁሉንም እንደ ጦር ወንጀለኛ ይፈርጃል፤ ሌላው ደግሞ "ሳይንስ ድንበር የለውም" ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ሰነፍ አስተያየት ናቸው። የናዚን የጦር መሣሪያ ለመሥራት በግዳጅ የተነዱ ሠራተኞች በዋሻ ውስጥ አልቀዋል። አሜሪካ ውስጥ የገቡ አንዳንድ ሰዎች ፋይል ደግሞ ያለፈው ታሪካቸው እንዳይታይ ተለዝቧል። ይህ የተመዘገበ እውነት ነው፤ ስለ ብሌድ ማቀዝቀዣ የተጻፈ ምንም ያህል ጥሩ ጥናት አያጥበውም። በዚያው ልክ፣ ኤከርት በኋላ ያስተማሩትና የጻፉት ነገር ከጎሪንግ ስም ጋር አብሮ መቃጠል ነበረበት ማለትም አይቻልም። ሰው ሁለቱንም ይዞ ማሰብ ይችላል። መቻልም አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሜሪካ ኤከርትን ወሰደች፤ መውሰድ ግን ቀላሉ ክፍል ነበር። ከዚያ በኋላ ምን አደረገቻቸው?

በራይት ፊልድ ሳሉ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር የሞቀ አየር በብረት ገጽ ላይ እንዴት እንደሚወጣ በብርሃን ጨረር መሣሪያ ፎቶ እያነሱ አጠኑ። በዓይን የማይታየው ሙቀት በፎቶው ላይ እንደ ጥለት መስመር ሆኖ ይወጣል። በ1949 ክሊቭላንድ ወደሚገኘው የመንግሥት የአቪዬሽን ቤተ ሙከራ ተዛወሩ። በ1951 ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላቸው። ያኔ 46 ዓመታቸው ነው። እስከ 1973 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለ22 ዓመታት እዚያው ቆዩ፤ ከጡረታ በኋላም ቢሆን ከቤተ ሙከራው አልራቁም።

ሚኒሶታ ውስጥ የተሠራው ሥራ ለጋዜጣ ርዕስ የሚሆን አይደለም። አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይቀመጣል። በላዩ አየር ይነፍሳል። ሰሌዳው ላይ በተሰለፉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሌላ አየር ይገባል። ከዚያ በየነጥቡ ሙቀቱ ይለካል። ነገ ቀዳዳው ትንሽ ያዘማል፤ ይለካል። ከነገ ወዲያ የሚገባው አየር ፍጥነት ይጨመራል፤ ይለካል። ለዓመታት!

ከዚህ አሰልቺ ከሚመስል ልኬት ማንም በግምት የማያገኘው ነገር ወጣ። ብዙ አየር ማስገባት ይበልጥ ያቀዘቅዛል ብሎ ማሰብ የተፈጥሮ ነው። ልኬቱ ግን አይደለም አለ። በክብ ቀዳዳ የሚወጣው አየር ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ገጹን ለቅቆ ወደ ላይ ይዘላል፤ እሳቱም ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። ማቀዝቀዣው በዝቶ ብረቱ ይሞቃል ማለት ነው። መፍትሔውን ፍለጋ ኤከርት፣ ሪቻርድ ጎልድስታይንና በርግራፍ በ1974 ባሳተሙት ጥናት የቀዳዳው አፍ እንደ መለከት ሰፋ ቢል አየሩ ረጋ ብሎ ገጹን ተደግፎ እንደሚዘረጋ አሳዩ። ዛሬ በጄት ሞተር ብሌዶች ላይ የሚታዩት አፋቸው የሰፋ ቀዳዳዎች ከዚያ ሐሳብ ጋር ይዛመዳሉ።

ልኬቱ ራሱ ብልሃት ይጠይቃል። ሙቀት ወደ ጎን እየሸሸ ውጤቱን ያበላሻል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ አንዳንዴ ሙቀትን ጨርሰው ይተዉትና ናፍታሊን ይጠቀማሉ። አዎ፣ ብል እንዳይበላው ከልብስ ጋር ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ናፍታሊን። የሙከራውን አካል በናፍታሊን ይሸፍኑትና አየር ይነፉበታል፤ ናፍታሊኑ ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል። ብዙ የተነነበት ቦታ ብዙ ሙቀት የሚተላለፍበት ቦታ ነው፤ ሁለቱ ክስተቶች የሚመሩበት ሒሳብ አንድ ዓይነት ነውና። የሺህ ዲግሪ እሳት ጥያቄ በክፍል ሙቀት፣ ከሱቅ በሚገዛ ነገር ተመለሰ። የምርምር ገንዘብ የለም ለሚል ሁሉ ይህ ሊነገረው ይገባል።

ኤከርት ከ550 በላይ ጽሑፎችና መጻሕፍት አሳትመዋል። አየር በከፍተኛ ፍጥነት ሲፈስ እንቅስቃሴው ራሱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈጥር የሚያመለክተው ቁጥር በዓለም የምሕንድስና መማሪያዎች ውስጥ "የኤከርት ቁጥር" ይባላል። በ1995 የአሜሪካ ብሔራዊ የምሕንድስና አካዳሚ የመሥራቾች ሽልማቱን ሰጣቸው። በ2004፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ሲቀራቸው ዐረፉ።

ከሽልማቱ የሚበልጠው ግን ዙሪያቸው የተሰበሰበው ሰው ነው። ኢፍሬም ስፓሮው በ1959፣ ጎልድስታይን በ1961 ሚኒሶታ ገቡ። በ1970ዎቹ ሕንዳዊው ሱሃስ ፓታንካር ተከተለ፤ ፈሳሽና አየር እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒውተር ለማስላት ዛሬም ድረስ የሚሠራበትን ዘዴ ካበጁት አንዱ ነው። እያንዳንዳቸው ተማሪ አፈሩ፤ ተማሪዎቹ ሞተር ፋብሪካዎችና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ገቡ። ኤከርት ጡረታ ሲወጡ ጥያቄው ጡረታ አልወጣም።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ታሪክ አለ፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ በጣም ቅርብ ነው።

ሶቪየት ኅብረትም የራሷን ድርሻ ወስዳለች። በጥቅምት 1946 በአንድ ሌሊት ከ2,000 በላይ የጀርመን ባለሙያዎችን ከነቤተሰቦቻቸው በባቡር ጭና ሄደች። በሞተር በኩል ከሠሩላት አንዱ ፈርዲናንድ ብራንድነር የተባለ ኦስትሪያዊ የዩንከርስ መሐንዲስ ነው። ኩይቢሸቭ ላይ የጀርመኖችን ቡድን መርቶ፣ ቱፖሌቭ 95 የተባለውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እስከ ዛሬ የሚያበረውን ግዙፍ ሞተር ካስጀመሩት ነው። ሶቪየቶች ጀርመኖቹን ለብቻቸው አግልለው አሠሯቸው፤ በ1950ዎቹም ወደ አገራቸው መለሷቸው። ሥራው ግን አልቆመም፤ የኩዝኔትሶቭ ተቋም የራሱ መሐንዲሶች ስለነበሩት ተረክቦ ቀጠለ።

ብራንድነር ቀጥሎ የሄደው የት ነው? ግብፅ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጋማል አብዱልናስር የራሳቸውን ተዋጊ ጄት ለመሥራት ተነሱ። አውሮፕላኑ ኤችኤ 300 ተባለ፤ ሞተሩን ኢ 300ን ብራንድነር ከውጭ ባመጣቸው መሐንዲሶች ሄልዋን ላይ ሠራ። ሕንድም ሞተሩን ለራሷ ተዋጊ ጄት ፈልጋ በገንዘብ ተባበረች። አውሮፕላኑ በ1964 በእንግሊዝ ሠራሽ ሞተር የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ኢ 300 ራሱም ተፈትሾ ሠርቷል፤ የሚናቅ ሥራ አልነበረም። በ1969 ፕሮግራሙ ተዘጋ። ብራንድነርና ሰዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ካይሮ በራሷ ንድፍ የጄት ሞተር ሠርታ ተዋጊ አላስታጠቀችም።

የ1967ቱ ጦርነት፣ የገንዘብ እጥረት፣ የሶቪየት ሚግ በርካሽ መገኘት፣ ሁሉም ምክንያት ናቸው። ቢሆንም ግብፅ የቀጠረችው ሞተር እንዲሠራላት ነው፤ የሙቀት ጥያቄውን እንዲያወርስ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ሲቆም ጥያቄውም ቆመ። ሚኒሶታ ግን ለኤከርት "ይህን ሞተር በዚህ ቀን አድርስ" አላለም። ወንበር፣ ቤተ ሙከራ፣ ተማሪና ጊዜ ሰጠ። በእርግጥ ገንዘቡ ከአየር ኃይሉና ከጠፈር ምርምር ይመጣ ነበር፤ አሜሪካም ለጽድቅ አልሠራችም። ግን ጠባቂው ትዕግሥት ነበረው።

ወደ ኢትዮጵያ እንምጣ። በ2000ዎቹ መግቢያ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መንግሥት ከመቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ብሎ ወሰነ። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሕንፃው ተሠራ፣ ተማሪው ገባ፣ ተመረቀ። አንድ ነገር ግን በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ እንደ ግብ ተጽፎ አይታይም፦ አንድ ሰው በአንድ ጥያቄ ላይ 20 ዓመት እንዲቆይ ማድረግ።

የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ጎበዝ መምህር ሲገኝ ዲን ይደረጋል። ጎበዝ ዲን ሲገኝ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከዚያም የቢሮ ኃላፊ ይሆናል። ሹመት ያላገኘው ደሞዙ ወር ስለማያደርሰው የማማከር ሥራ ያሳድዳል፤ ከሁለቱም ያመለጠው ውጭ አገር ይሄድና እዚያ የሌላ አገር ጥያቄ ላይ ይቆያል። ኤከርት አዲስ አበባ ቢመጡ ኖሮ በሦስተኛው ዓመት ስብሰባ ሲመሩ ይገኙ ነበር።

"ኢትዮጵያ ጄት ሞተር ልትሠራ ነው እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አትሠራም፤ አያስፈልጋትም። የሙቀት ዝውውር ጥያቄ ግን በየቤቱ አለ። ምጣድ!

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 300 እና 400 ማለት ነው። ሽቦው ከሸክላው ሥር ተቀብሯል፤ ሸክላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። የተወሰነው ሙቀት ወደ ላይ ወደ እንጀራው ሲሄድ ሌላው ወደ ታችና ወደ ጎን ይባክናል። ሊጡ ሲፈስ የምጣዱ ፊት በድንገት ይቀዘቅዛል፤ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። አክንባሎው ሥር ያለው እንፋሎት፣ የሸክላው ውፍረት፣ የሽቦው አቀማመጥ፣ ዓይኑ የሚወጣበት ቅጽበት፣ ይህ ሁሉ ኤከርት ሰሌዳ ላይ ሲለኩት ከኖሩት ነገር ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ ይህን ጥያቄ ሮልስ ሮይስም ሆነ ጄኔራል ኤሌክትሪክ አይመልስልንም፤ የዓለም ገበያ ላይ ምጣድ የለማ።

ስለ ምጣድ አልተጠናም ማለት አይደለም። የማስተርስ ጥናቶች አሉ፤ የተሻሻሉ ምጣዶችም ተሞክረዋል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራም ተሠርቷል። ተማሪው ሁለት ዓመት ይለፋል፣ ይመረቃል፣ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ የሚቀጥለው ተማሪ ደግሞ ከሀ ይጀምራል። በመሐል ቆሞ "ይህ ተለክቷል፤ አንተ ከዚህ ቀጥል" የሚል ባለ ጥያቄ ሰው ነው የጎደለው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች በሚጋግሩበት አገር ከምጣድ የሚተርፈው ኃይል ትንሽ አይደለም፤ መብራት ኃይል ለውጭ አገር ከሚሸጠው ጋር ተነጻጽሮ ቢሰላ ደስ ይላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ከሳተላይት ያነሰ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ደርዘን ምጣድ፣ የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች፣ የማይቋረጥ መብራት፣ በየዓመቱ ሦስት አራት ተማሪ፣ እና ዲን ሁን ቢባል "አልፈልግም" ለማለት የሚያስችለው ደሞዝ ያለው አንድ ፕሮፌሰር። እስከ 2040 ዓ.ም. ድረስ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከምጣዱ እንዳይነሳ ተጽፎ የሚሰጠው ውል። እንዲህ ያለ ውል ላይ የሚፈርም የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዛሬ ማን ነው?